ውኃው ወዴት ሄደ?

በመስቀል ፍላወር መንገድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ፥ ኮፈኑን ከፍቶ፥ እንፋሎት እየተፋ ከመንገድ ዳር የቆመ አሮጌ አውቶሞቢል ሳናይ የምናሳልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። ባለመኪናው ቢጫ ጀሪካኑን ያወጣል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ውኃውን ይሞላል፤ «አሁን ደኅና ነው» ብሎ ይነሣል። ከጥቂት ቀን በኋላም ያው መኪና ጎተራ ማሳለጫው አጠገብ ወይም ኦሎምፒያ አካባቢ እንደዚያው ቆሞ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ላቀርበው የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ውኃ መጨመር ጥገና አይደለም፤ ጥገና የሚጀመረው «ውኃው ወዴት ሄደ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ በሰፈራችን ብዙ ጊዜ የማይጠየቀውም መካኒኮቻችን ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን፥ ለመጠየቁ ዋጋ የሚከፍል ሰው ስለማይገኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የሾፌሮች ጉዳይ ነው፤ ለትምህርት ቤት መጽሔት ምን ያደርጋል?» ይሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን የስንቶቻችን ደብተርና ዳቦ ከአንድ አሮጌ መኪና እንደሚወጣ ልብ ማለት ይገባል። የአንዱ አባት ታክሲ ይነዳል፤ የሌላው አጎት ዕቃ ያመላልሳል፤ የሌላይቱ እናት እንጀራዋን ለሱቆች የምታደርሰው በመኪና ነው። መኪናው ሦስት ቀን ጋራዥ ከቆመ፥ ሦስት ቀን ወደ ቤት የሚገባ ገንዘብ የለም። ከዚህም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ስለዚህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በሚገባ ጠብቆ መያዝ ለብዙ ቤተሰብ የቅንጦት ነገር ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድመን ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል የነበልባሉ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። መካኒኮቻችን ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስ በብዙ መኪኖች ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ከቤንዚኑ ኀይል ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚውለው ከሢሶ የማይበልጥ ነው። ሌላው ሢሶ ያህል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረውን ሢሶ ያህል ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው በሞተሩ ግድግዳዎች መካከል የሚዞረው ውኃ ነው። ይህንን ውኃ ፓምፕ ይገፋዋል፤ ቴርሞስታት የሚባለው በር እንደ ሙቀቱ መጠን ይከፍትለታል ወይም ይዘጋበታል፤ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ነፋሱ ሲያንስ ማራገቢያው ያግዘዋል፤ ቀዝቅዞም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መንገዱ ዙሪያ ገጠም ነው። ስለዚህ በጤነኛ መኪና ውስጥ ውኃ አይጎድልም። ከጎደለ፥ አንድ ቦታ በር አግኝቷል ማለት ነው።

በአገራችን ደግሞ ሌላ የተለየ ምክንያት አለ፤ እርሱም ከፍታችን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፥ ያ መኪና ከባሕር ዳር ጀምሮ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። በጂቡቲ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ምክንያቱም ከላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ውኃውን የሚጫነው ግፊት ያንሳል። ወደ እንጦጦ ስንወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ 90 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ይህንን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል፤ ነገር ግን ከኮፈን ሥር ያለው ውኃም ለዚሁ ሕግ የሚገዛ መሆኑን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

የመኪና ሠሪዎች ይህን ችግር የሚያሸንፉት በአንዲት ትንሽ ክዳን ነው። የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ክዳን መድፈኛ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ሞላ አለበት፤ ውኃው ሲሞቅ ግፊቱን አምቆ ይይዛል። ጤነኛ ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ቢይዝ፥ በአዲስ አበባ ውኃው ወደ 115 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ካረጀና ሞላው ከደከመ ግን ውኃው በ92 ዲግሪ ይፈላል። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። እንግዲህ ክዳኑ የደከመበት መኪና በእኛ ከተማ ከጤንነት እስከ መፍላት ያለው ርቀት ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህንን ያህል ዋጋ ያላትን ክዳን ግን በላስቲክ ጠቅልለው ወይም የሌላ መኪና ክዳን አስገድደው የሚነዱ ሰዎች አሉ።

እዚህ ላይ በሰፈራችን ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «አገራችን በረዶ አይሠራባትም፤ ኩላንት ለፈረንጅ አገር ነው፤ ለእኛ የቧንቧ ውኃ ይበቃናል» የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስላለው ብዙ ሰው ያሳስታል። በእርግጥ የሞተራችን ውኃ ሌሊት ወደ በረዶ አይለወጥም። ነገር ግን ኩላንት ሥራው ከበረዶ መጠበቅ ብቻ አይደለም። ብረትና አሉሚኒየም እንዳይዝጉና እንዳይበሉ ይከላከላል፤ የፓምፑን ማኅተም ይጠብቃል፤ የመፍያውንም መጠን ከፍ ያደርጋል። የቧንቧና የጉድጓድ ውኃ ግን በማሰሮ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ያበጃል፤ ዝገቱም ተጨምሮ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ደግሞም ኩላንት ቀለም አለው፤ የሾለከበትን ቦታ በቀለሙ ያሳብቃል። ቀለም የሌለው ውኃ ግን ሾልኮ ደርቆ ምስክር ሳይተው ይጠፋል።

ለምሳሌ ያህል በቤተሰባችን የደረሰውን ልናገር። አጎቴ በአንድ አሮጌ ኮሮላ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ባለፈው ክረምት መኪናው በየሁለትና በየሦስት ቀኑ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይጎድልበት ጀመር። ከመኪናው ሥር ጠብታ አይታይም። የመጀመሪያው ጋራዥ «ራዲያተሩ ነው» ብሎ ያገለገለ ራዲያተር አስገዛው፤ ውኃው መጉደሉን አልተወም። ሁለተኛው የውኃውን ፓምፕ ቀየረ፤ ውኃው አሁንም ጎደለ። ሦስተኛው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለና «ከእንግዲህ አይሞቅም» አለው፤ እውነትም ለጥቂት ቀናት ሞተሩ ቀዘቀዘ፤ ውኃው ግን እንደ ልማዱ ይጎድል ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል አጎቴ ሥራ ያልሠራባቸው ቀኖች ሲደመሩ ሦስት ሳምንት ሆኑ፤ የሁለቱ ልጆቹም የትምህርት ቤት ወጪ ከዘመድ በብድር ተከፈለ።

በመጨረሻ መኪናውን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰደው። እኒህ ሰው ምንም ሳይፈቱ አስቀድመው መኪናው በጋራዡ እንዲያድርና ሞተሩ ፈጽሞ እንዲቀዘቅዝ አደረጉ። በማግሥቱ በራዲያተሩ አፍ ላይ ግፊት መሞከሪያ የእጅ ፓምፕ ገጠሙ፤ ግፊቱን ከፍ አደረጉና መርፌውን እያዩ ተቀመጡ። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። ከውጭ የረጠበ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከፊተኛው ተሳፋሪ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ሲገልጡት ሥሩ በውኃ ርሶ ተገኘ። አጎቴ ርጥበቱን ቀደም ብሎ አይቶታል፤ ሆኖም ወሩ ነሐሴ ስለ ነበረ ዝናብ በበሩ የገባ ነበር የመሰለው። ውኃው ያመልጥ የነበረው ከዳሽቦርዱ ሥር ካለችውና የመኪናውን ውስጥ ከምታሞቀው ትንሽ ራዲያተር ነበር። በመኪናው ውስጥ ኩላንት ሳይሆን ተራ ውኃ ስለ ነበረበት ቀለምም ሽታም አልሰጠም። ምርመራው አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ይሁን እንጂ ለእኔ ትምህርት የሆነኝ ከዚያ በኋላ የተደረገው ንግግር ነው። ሽማግሌው ስለ ምርመራው ዋጋ በጠየቁ ጊዜ አጎቴ ደንግጦ፥ «ጋሼ፥ ምን ቀየሩና ነው የምከፍለው?» አላቸው። እርሳቸውም፥ «የቀየርኩት የለም፤ ያገኘሁት ግን አለ» ብለው መለሱለት። አጎቴ ከፈለ፤ ነገር ግን ቅር እያለው ነበር። ለሦስቱ ላልተፈለጉ ጥገናዎች ሲከፍል ግን ቅር አላለውም፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ጊዜ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይሰጡት ነበር። ዕቃ በእጁ ሲያዝ የተሠራ ሥራ ይመስላል፤ ዕውቀት ግን በእጅ አይጨበጥም።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በሐኪም ቤት ለካርድ እንከፍላለን፤ ለደም ምርመራም እንከፍላለን፤ መድኃኒት የምንገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሳይመረምረን ኪኒን ቢሰጠን እናዝንበታለን። መካኒክ ግን ሳይመረምር ዕቃ ሲቀይር «ፈጣን ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ ሲመረምር ደግሞ «ጊዜ ይፈጃል» ይባላል። መካኒኩ እንጀራ የሚበላው ዕቃ ሲቀይር ብቻ ከሆነ፥ ዕቃ ቢቀይር ምን ያስደንቃል? ሱማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ መለዋወጫ መግዛት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የማይፈለግ ዕቃ በርካሽ ቢገዛም ውድ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ወገን ብቻ መጫን ቅን ፍርድ አይሆንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በሽታውን ለማስፈለግ የማይከፍልም እንደዚሁ ነው።

አንዳንድ መካኒኮች ደግሞ «ደንበኛው ይቸኩላል፤ እኛስ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ይህ መልስ እውነት አለው፤ ነገር ግን ምርመራ ሁልጊዜ ረጅም ጊዜና ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። አብዛኛው ክፍል ዐይንና ትዕግሥት ብቻ የሚፈልግ ስለሆነ፥ ባለመኪናው ራሱ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ሊጀምረው ይችላል። ሥርዓቱንም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የውኃውን ልክ አይቶ በወረቀት መጻፍ ነው። በየስንት ቀኑ ምን ያህል እንደሚጎድል ያላወቀ ሰው፥ መኪናው እንደ ተሻለውም ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛ፥ መኪናው ባደረበት መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ማየት ነው። ሦስተኛ፥ የጎማ ቱቦዎቹን መጋጠሚያ፥ የራዲያተሩን ጫፎችና የፓምፑን ሥር መመልከት ነው፤ ፓምፑ ማኅተሙ ሲያረጅ ውኃ የሚያንጠባጥብበት ትንሽ ቀዳዳ አለው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ወይም የዝገት ቀለም ያለው ደረቅ ምልክት ካለ፥ ውኃው በዚያ አልፏል። አራተኛ፥ በመኪናው ውስጥ ከምንጣፉ ሥር መዳሰስ ነው። አምስተኛ፥ ይህ ሁሉ ካልተገኘ፥ በእጅ ፓምፕ ግፊት ማስሞከር ነው፤ አንዳንድ ቀዳዳ ውኃው ሲሞቅና ግፊት ሲያገኝ ብቻ ስለሚከፈት ያለ መሣሪያው አይታይም። ክዳኑም በዚያው መሣሪያ ይፈተናል።

ውኃው ሳይጎድል ሞተሩ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ «መቼ ይሞቃል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በመጨናነቅ ውስጥ ሲቆም ሞቆ፥ መንገዱ ሲከፈትለት የሚበርድ መኪና ብዙ ጊዜ ሕመሙ በማራገቢያው ወይም በሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ የቆመ መኪና ነፋስ የሚያገኘው ከማራገቢያው ብቻ ነውና። በከተማ ደኅና ሆኖ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ የሚፈላ ግን ራዲያተሩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ በዳገት ሞተሩ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ የጠበበው ቱቦ አይችለውም። ከተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞቅ፥ የላይኛው ቱቦ ሲነድ የታችኛው ቀዝቃዛ የሆነበት መኪና፥ ቴርሞስታቱ አልከፈት ብሎ ይሆናል። አንድ አደገኛ ምልክትም አለ፤ መርፌው ወደ ላይ ወጥቶ ሳለ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ቢወርድ መኪናው ዳነ ማለት ላይሆን ይችላል። ውኃው ፈጽሞ ጎድሎ መለኪያው በባዶ ቦታ ላይ ሲቀር እንዲህ ያደርጋል።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በከተማችን የተለመደ ነው። ይህ የትኩሳት መለኪያውን ሰብሮ «በሽተኛው ዳነ» እንደማለት ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር ለሥራ የሚስማማውን ሙቀት ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፤ ቤንዚን ይበላል፤ ቶሎም ያልቃል። ከሁሉ የሚከፋው የተደፈነውን ራዲያተር ለጥቂት ወራት መደበቁ ነው። ጥርጣሬ ካለ ቴርሞስታቱን አውጥቶ በድስት ውኃ ውስጥ ማሞቅና ሲከፈት ማየት ይቻላል። ይህንን ማንኛውም ተማሪ በቤቱ ማድብያ ቤት ሊያደርገው የሚችል ፈተና ነው፤ ድስቱ ግን ከዚያ በኋላ ለወጥ መመለስ የለበትም።

ሕመሙ ችላ ሲባል የሚደርስበት ቦታ ቴስታታው ነው። ሞተሩ ደጋግሞ ሲግል አሉሚኒየሙ ይጣመማል፤ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ውኃው ወደ ነበልባሉ ቦታ ይገባል፥ ወይም ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፥ ወተት የመሰለ ዘይት፥ በራዲያተሩ አፍ የማያቆም አረፋ፥ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የሚጠነክር የላይኛው ቱቦ ናቸው። በዚህ ጊዜ ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው ቀጥ ማለቱ በማስመሪያ መለካት፥ ከተጣመመም መላግ አለበት፤ ስንጥቅም እንደሌለው መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ በመጀመሪያ ያሞቀው ምክንያት መገኘት አለበት፤ አለዚያ አዲሱም ጓርኒሲዮን እንደ አሮጌው ይቃጠላል።

ስለ ደኅንነትም አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም። መርፌው ሲወጣ ያየ ሾፌር በመንገድ ዳር ቆሞ ሞተሩን ያጥፋ። ወዲያው ለመቆም የማይችል ከሆነ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ትንሽ ይጓዝ፤ ለሰውየው ባይመችም ለሞተሩ ሁለተኛ ራዲያተር ይሆንለታል። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን በፍጹም አይከፈትም። በግፊት ታምቆ የቆየው ከመቶ ዲግሪ በላይ የሆነ ውኃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ይህም አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በጋራዥ ባሉ ወጣት ረዳቶች ላይ ነው፤ ዕድሜያቸውም ከእኛ ዕድሜ አይበልጥም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፥ ይልቁንም ከዚያ በላይ መጠበቅ ይገባል። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት መጨመር ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። የተቀዳውም ኩላንት በቦይ አይፈስስ፤ መርዝ ሆኖ ሳለ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ሕፃናትንና ውሾችን ይጎዳል።

የአጎቴ መኪና እንዴት እንደ ዳነ ደግሞ ባጭሩ ልግለጽ። ሽማግሌው መካኒክ የምታፈሰውን ትንሽ ራዲያተር ለጊዜው ከመንገዱ አውጥተው ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርሳቸው አገናኟቸው፤ ቆይቶም በሌላ ተተካች። የተጣለው ቴርሞስታት በአዲስ ተመለሰ። የደከመው ክዳን ተለወጠ። ውስጡ ንጹሕ ውኃ እስኪወጣ ድረስ ታጠበ፤ ከዚያም ኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ተሞላ። በውስጥ የቀረ አየር ሙቀት ስለሚያባብስ፥ ሞተሩ እየሠራ አረፋው እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቁ። ከዚያ በኋላ አጎቴ ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ ልኩን እያየ እንዲጽፍ አዘዙት። ልኩ አልወረደም። የፈወሰው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን፥ ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

አንዳንዶች «ቮልስ ገዝቶ መገላገል ነው፤ ቮልስ ውኃ አያውቅም» ይላሉ። ጥንዚዛ የሚመስለው የቀድሞው ቮልስዋገን በእርግጥ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ነገር ግን አየሩን የሚገፋለት ማራገቢያ የሚዞረው በቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ ቮልስም ይቃጠላል። ሌሎች ደግሞ «የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ ይህ ሁሉ ዕውቀት የአሮጌ ዘመን ነው» ይላሉ። ሆኖም ከኤሌክትሪክ መኪኖችም ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በኩላንት ነው። መኪናው ቢለወጥም ሙቀት ሙቀት ነው፤ ምርመራም ምርመራ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የሰፈራችን ጋራዦች የምርመራን ዋጋ ከጥገና ለይተው በግልጽ ይጻፉ፤ መርምረውም ያዩትን፥ የሞከሩትንና ያገኙትን በአንዲት ወረቀት ጽፈው ለባለመኪናው ይስጡ። ባለመኪናው ጥገናውን እዚያው ካሠራ የምርመራው ዋጋ ሊታሰብለት ይችላል። ሁለተኛ፥ ወላጆቻችን መኪናቸውን ወደ ጋራዥ ሲወስዱ «ምን ልግዛ?» ከማለት በፊት «ምን አገኛችሁ? በምንስ አወቃችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ለመልሱም ሳይሰቀቁ ይክፈሉ። ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤታችን በየመንፈቁ አንድ ቀን ከሰፈራችን አንድ የበሰለ መካኒክ ጋብዞ ግፊትና መፍላት በራዲያተር ላይ እንዴት እንደሚታዩ ቢያሳየን፥ ከመጽሐፉ የተማርነው ይጠነክራል፤ ልብሱ ዘይት የነካ ሰውም በፊታችን እንደ መምህር ሲቆም ማየት ለእኛም ትምህርት ይሆነናል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉን የሚቆርጥ ሰው ግን አስቀድሞ ጭሱ ከየት እንደሚነሣ ማየት አለበት። ስለዚህ ለሚያይልን ሰው ክብር እንስጠው፤ ዋጋውንም እንክፈለው። በዚህ የሚተርፈው የአንድ ሞተር ዕድሜ ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ ሞተር የሚያድር ቤተሰብ እንጀራም ነው።